ስውሩ ፕላኔትና የምስክርነት ሚዛን፦ ከአል-ከይድ እስከ 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል አለፈች። የግርዶሹ መስመር በምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ በላሊበላ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ሲሻገር፣ በመስመሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ፀሐይን እንደ ቀለበት ሆና አዩዋት። ሐረርን ጨምሮ ከመስመሩ ውጪ ባሉ የአገሪቱ ክፍሎች ደግሞ በከፊል ተጋርዳ ታየች። ዕለቱ በሂጅራ አቆጣጠር የ1441 ሸዋል ማብቂያ ነበር፤ የፀሐይ ግርዶሽ የጨረቃ ወር ሲያልቅ እንጂ በሌላ ጊዜ አይደርስምና።

በዚያው ሰሞን አንድ ወሬ ዓለምን ይዞር ነበር። ቀደም ሲል የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታውያን ሕዝቦች የማያዎች የዘመን ቆጠራ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2012፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ስለሚያበቃ ዓለም ትጠፋለች ተብሎ ነበር። ለጥፋቱም ምክንያት «ኒቢሩ» የሚባል ስውር ፕላኔት ምድርን ይመታል የሚል ተጨምሮበት ነበር። ቀኑ መጥቶ አለፈ። ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላ ወሬው ስሌት ለብሶ ተመለሰ፦ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ በ1752 ሲተካ በየዓመቱ 11 ቀን ጠፍቷልና፣ የጠፋው ሲደመር ስምንት ዓመት ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ እውነተኛው ቀን ጁን 21 ቀን 2020 ነው ተባለ። ይህም በትክክል የግርዶሹ ዕለት ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርም ነበር። የግድግዳ ካላንደራችን በዚያ ዕለት የሚያሳየው 2012ን ነውና። ኮሮና ሕዝብን ቤት በዘጋበት ዓመት፣ «2012» የተባለው ዓመት በእርግጥ እየተቆጠረ፣ ፀሐይ ስትጨልም፣ ወሬው ሰሚ ቢያገኝ አይደንቅም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ጧት ነው። ስለ ስውር ፕላኔት የሚነገር ወሬ ምን ያህል ዘመን እንዳስቆጠረ፣ በእስልምና የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረው፣ ዛሬም በቅን ልቦና የሚፈልጉት ሰዎች እንዴት እንደሚፈልጉት ይመረምራል። መዝጊያው ግን ሚንበር ላይ የሚቆም ሰው የሚሸከመው የምስክርነት አደራ ነው።

የአሥራ አንዱ ቀን ስሕተት

በቅድሚያ ስሌቱን እንመርምር። በ1752 እንግሊዝ ውስጥ የተዘለሉት 11 ቀናት የተዘለሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ አልተዘለሉም። ወሬው ግን 11ን በ268 ዓመት አባዝቶ 2948 ቀን አወጣ። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ዝቅ ማለቱም ከዚህ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ልዩነቱ የመጣው የዘመኑ መነሻ ዓመት በተለያየ መንገድ ስለተሰላ ነው።

በየዓመቱ በእርግጥ 11 ቀን ገደማ የሚቀድም አቆጣጠር ቢኖር የሂጅራው ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ሆነው ከፀሐይ ዓመት ያንሳሉ። ረመዳን በሁሉም ወቅቶች የሚዞረው፣ በሐረር የሹዋሊድ በዓል አንዳንድ ዘመን በዝናብ፣ አንዳንድ ዘመን በበጋ የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን በየዓመቱ በሕይወቱ የሚኖር ማኅበረሰብ የወሬውን ስሕተት ከማንም ቀድሞ ሊለይ ይገባው ነበር። የአንድ ጊዜ ማስተካከያንና የየዓመት ልዩነትን የመለየት ልማድ በእጁ ነበርና።

የኢብራሂም ሞት ዕለት

በእስልምና ታሪክ በግርዶሽ ላይ የተነሣ የመጀመሪያው ወሬ በመዲና የተነሣው ነው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም፣ ከእናቱ ከማሪያ አል-ቂብጢያ የተወለደው፣ በሕፃንነቱ አረፈ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም በሐዘኑ ምክንያት ነው አሉ። ወሬው ለነቢዩ ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሰዎችንም ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ መሩ። ሐዘን በተሰበረ ልብ ላይ በነበረበት ሰዓት፣ ለራስ የሚያደላ ወሬን መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ግርዶሽ በስሌት ይታወቃል። ግብፃዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማሕሙድ አል-ፈለኪ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተሙት ጥናት ከእስልምና በፊት የነበረውን የዐረቦች አቆጣጠር ለመመርመር ይህንኑ ግርዶሽ መነሻ አደረጉት፤ ዕለቱም ጃንዋሪ 27 ቀን 632፣ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የሸዋል መጨረሻ ላይ ዋለ። ስለዚህ የመዲናው ግርዶሽና የ2012ቱ ግርዶሽ ሁለቱም በሸዋል ማብቂያ የደረሱ ናቸው። ከዚያ ጥናት 17 ዓመት በኋላ በራውፍ ፓሻ የሚመራው የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ። ከጦሩ ጋር የመጡት መኮንን ሙሐመድ ሙኽታር ስለ ሐረር የጻፉት ጥናትም በካይሮው የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ። የዚያ ዘመን የካይሮ ልኬትና ስሌት እስከ ጁገል በሮች ደርሶ ነበር ማለት ነው።

አል-ከይድ፦ ማንም ያላየው ኮከብ

ስውር ፕላኔት የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በሙስሊሙ ዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ዚጅ» በሚባሉ ሠንጠረዦች የፀሐይን፣ የጨረቃንና የአምስቱን ፕላኔቶች ቦታ ይመዘግቡ ነበር። ከእነዚህ ዚጆች በአንዳንዶቹ «አል-ከይድ» የሚባል ሌላ አካልም ተመዝግቦ ይገኛል። ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ በዓመት ሁለት ዲግሪ ተኩል እንደሚጓዝ፣ ዙሩንም በ144 ዓመት እንደሚፈጽም ተጽፏል። ዐዋቂው ሠንጠረዡን ይዞ ዛሬ የት እንዳለ ሊያሰላ ይችል ነበር። ነገር ግን ማንም አላየውም፤ በሰማይ አልነበረምና። ስሙ ከሕንዶች «ኬቱ» ጋር ዝምድና አለው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይፈለግ የነበረው በኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ ነበር፤ ክፉ ገደኛ ተደርጎ ይቆጠር ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ትምህርት አለ። ትክክለኛ ስሌት በራሱ እውነትን አያስገኝም። 360 ዲግሪ ለ144 ሲካፈል ሁለት ተኩል መሆኑ አይታበልም፤ ሒሳቡ ያልነካው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፦ ማን አየው? የ2012ቱ ወሬም 11ን በ268 ሲያባዛ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የሚባዛው ቁጥር ላይ ነበር።

ማየትም ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። የአንዳሉሱ ፈላስፋ ኢብን ባጃ በፀሐይ መውጫ ላይ በፀሐይ ገጽ ሁለት ጥቁር ነጥቦችን ማየቱንና ዙህራና ዑጣሪድ መሆናቸውን መናገሩን በኋላ ቁጥቡዲን አል-ሺራዚ ጽፎታል። ኢብን ባጃ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ነጥቦቹን አይቷል። ዛሬ ግን እነዚያ ነጥቦች በፀሐይ ገጽ ላይ የሚወጡ ጥላዎች እንደነበሩ ይገመታል። ዐይኑ እውነት አየ፤ ስም የሰጠው አእምሮው ተሳሳተ።

በሌላ በኩል ቴሌስኮፕ ከመፈጠሩ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 አካባቢ በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ በምንለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር መዘገበ። ያየውን ጻፈ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። ያ ደመና ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ የታወቀው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአል-ከይድ ሠንጠረዥ የማንም መጠቀሚያ ሳይሆን ሲቀር የአስ-ሱፊ አንድ ትሑት መስመር ሺህ ዓመት ኖረች።

ሁለት ምስክሮችና ቩልካን

በ1846 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ለ ቬርየ ዩራኑስ ከምሕዋሩ የምታፈነግጥበትን ምክንያት በወረቀት ላይ አስልቶ አንድ ያልታወቀ ፕላኔት ያለበትን ቦታ ጠቆመ። ሴፕቴምበር 23 በበርሊን ጋለ ቴሌስኮፑን አቅንቶ ከተጠቆመው ቦታ አንድ ዲግሪ ባልሞላ ርቀት ኔፕቱንን አገኘ። ያ ድል ለቬርየን ደፋር አደረገው። ዑጣሪድም ከስሌት ውጪ ጥቂት ታፈነግጣለችና በፀሐይ አጠገብ ሌላ ፕላኔት አለ አለ፤ ስሙም ቩልካን ተባለ። ሌስካርቦ የተባለ የገጠር ሐኪም፣ በትርፍ ጊዜው ሰማይን የሚመለከት፣ ማርች 26 ቀን 1859 በፀሐይ ፊት አንድ ነጥብ ሲያልፍ አየሁ ብሎ ስለመሰከረ ለ ቬርየ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀውና አመነው።

ጁላይ 29 ቀን 1878 በአሜሪካ በደረሰው ሙሉ ግርዶሽ ፕሮፌሰር ዋትሰንና ነጋዴ የነበረው አማተር ተመልካች ሉዊስ ስዊፍት ተለያይተው ቆመው ሁለቱም ቩልካንን አየን አሉ። ሁለት ምስክሮች ተስማሙ የተባለ ሲሆን፣ የሰጧቸው ቦታዎች ሲመረመሩ ግን አልተጣጣሙም። ከዚያም በኋላ በተከታታይ ግርዶሾች ቢፈለግ አልተገኘም። በ1915 አንስታይን የዑጣሪድን ማፈንገጥ፣ በአንድ መቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ የሆነውን፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕላኔት አስረዳ። ቩልካን የጠፋው ማንም ስለዋሸ አይደለም። ሰዎች የሚጠብቁትን ለማየት ስለሚቸኩሉ ነው።

ከኔፕቱን ባሻገር ይፈለግ የነበረው «ፕላኔት ኤክስ»ም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የገበሬ ልጅ የነበረው የ24 ዓመቱ ክላይድ ቶምቦ በተለያየ ሌሊት የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ እያየ፣ ከቦታው የሚንቀሳቀስ ነጥብ ፈልጎ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 ፕሉቶን አገኘ። በኋላ ግን የፕሉቶ ክብደት ኔፕቱንን ሊያናውጥ እንደማይችል ታወቀ። ቮየጀር 2 በ1989 ኔፕቱንን ካለፈች በኋላ የኔፕቱን ክብደት ሲታረም ቀሪው መፈናቀልም ራሱ ጠፋ። የተፈለገው ስውር አካል የነበረው በሰዎች የልኬት ስሕተት ውስጥ ነበር።

ኒቢሩ እና የፈራ ልጅ

የኒቢሩ ወሬ ከእነዚህ የተለየ ነው። ለ ቬርየ ስሌቱን፣ ሌስካርቦ ሰዓቱንና መሣሪያውን ለምርመራ አቅርበው ነበር። የኒቢሩ ነገር ግን በ1976 ከታተመ የዘካሪያ ሲቺን መጽሐፍ የተወሰደ ስም፣ በ1990ዎቹ ከከዋክብት ነዋሪዎች መልእክት አገኘሁ ባለች ሴት ትንቢት ተጨምሮበት፣ በ2003 ይደርሳል ከተባለ በኋላ ሳይደርስ ሲቀር ወደ 2012 የተሸጋገረ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ መንግሥታት ደብቀውታል ይላል። ይህ መልስ ለማንኛውም ነገር የሚሆን ስለሆነ ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም።

መደበቁም የሚቻል አይደለም። ሰማይ የማንም ግቢ አይደለምና። በጥቂት ወራት ውስጥ ምድርን ለመምታት የሚመጣ ፕላኔት ከደማቆቹ ከዋክብት ጋር በዐይን ይታይ ነበር፤ የማርስንና የምድርን ምሕዋርም ያናውጥ ነበር። ከሐኪም ተራራ ሥር በሌሊት የሚጠብቅ ገበሬ፣ ለሱብሕ የሚነሣ ሙአዚን ሳያየው አይቀርም ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ጉዳቱ ነው። የናሳው ሳይንቲስት ዴቪድ ሞሪሰን ከሕዝብ የሚመጡ ጥያቄዎችን ሲመልሱ በሺህ የሚቆጠሩ ስለ 2012 የፈሩ ሰዎች ጽፈውላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል ጥፋቱን ከማየት በፊት ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ልጆች ነበሩ። ወሬ የሚያስፈራ ቀልድ ብቻ እንዳይመስለን ይህ ይበቃል።

በምስል ላይ የሚፈልጉት

ከዚህ ወሬ አጠገብ እውነተኛ ፍለጋ አለ። በጃንዋሪ 2016 ባቲጊንና ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከኔፕቱን ባሻገር ያሉ ትናንሽ በረዷማ አካላት ምሕዋር አንድ ወገን መሰብሰቡን አይተው፣ ከምድር ብዙ እጥፍ የሚከብድ «ዘጠነኛ ፕላኔት» ሊኖር ይችላል አሉ። አለ አላሉም፤ ሊኖር ይችላል አሉ፤ ካለ የት ሊሆን እንደሚችልም ጠቆሙ። ከዚያ በፊት በ2014 የዋይዝ ሳተላይትን ምስሎች የመረመረ ጥናት፣ ከፀሐይ እስከ አሥር ሺህ የምድር-ፀሐይ ርቀት ድረስ እንደ ዙሐል የሚያህል ፕላኔት የለም ብሎ ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው ካለ ከዚያ ያነሰ ነው።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2017 በዚሁ ሳተላይት ምስሎች ላይ ተራ ሰዎች እንዲሳተፉ የሚጋብዝ ሥራ ተጀመረ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች በተለያየ ዓመት የተነሡ የአንድ ሰማይ ምስሎችን እያፈራረቁ ያያሉ። ከዋክብት ባሉበት ይቆማሉ፤ አንድ ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ምልክት ያደርጋሉ። የቶምቦ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰው ሳይሆን ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች መሥራታቸው ነው። ብዙው ነጥብ የመሣሪያ ጉድፍ ሆኖ ይጣላል፤ ያልተጣለው በሌላ ቴሌስኮፕ ይጣራል። ዘጠነኛውን ፕላኔት እስካሁን አላገኙም። በ2020 ግን በዚህ መንገድ የተገኙ 95 ቡናማ ድንክ የሚባሉ፣ ከከዋክብት አንሰው ከፕላኔት የሚበልጡ ጎረቤቶቻችን ታወጁ። የፈለጉትን ባያገኙም ያገኙትን በታማኝነት መዘገቡ፤ ይህ የአስ-ሱፊ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ውጪ አይደለችም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በእንጦጦ ተራራ በ3200 ሜትር ከፍታ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በዚያው የግርዶሽ ዓመት፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች ባቀረበው ዕድል ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ውስጥ ያለን ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ ሰየመች። አስ-ሱፊ ትንሿን ደመና ያየበት የሰማይ ክፍል ነው። አቦልን የሰው ዐይን አላየውም። ነገር ግን ኮከቡን ወዲያና ወዲህ እንደሚስብ፣ ዙሩንም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ በሆነ ጊዜ እንደሚፈጽም ከኮከቡ ብርሃን ተለክቶ ታውቋል፤ ማንም መሣሪያ ያለው ደግሞ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ቡና ለምትታወቅ ሐረር ይህ ስም እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ያልታየ ሁሉ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚያደርገው ለምርመራ አለመቅረቡ ነው።

የሚንበሩ አደራ

ሐረር ጁገል 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቅዱሳን ስፍራዎች ያሏት፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የተመዘገበች ከተማ ናት። ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ ሥርዓት በአንድ ቀጭን ሂላል ላይ ቆሟል። በሐረር የተለመደው የሻፊዒ መዝሀብ ረመዳንን በአንድ ፍትሐዊ ምስክር፣ ሸዋልን በሁለት ምስክሮች ያጸናል። የአንድ ሰው ዐይን የአንድን ከተማ ጾም ይወስናል ማለት ነው።

የመዝሀቡ ሊቃውንት ሚዛኑ እንዲህ ከባድ ስለሆነ በጥንቃቄ ተወያይተውበታል። በ756 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ፣ እርግጠኛ ስሌት ሂላሉ ሊታይ እንደማይችል ካሳየ የምስክሩ ቃል አይወሰድም አሉ፤ ምስክርነት ግምትን ሲያስገኝ እርግጠኛ ስሌት እርግጠኝነትን ያስገኛልና። ሌሎች የመዝሀቡ ዑለማ አልተስማሙባቸውም። ክርክሩ ግን ራሱ ያስተምራል፦ ምስክሩን ሐሰተኛ ሳይሉ ምስክርነቱን መመርመር ይቻላል። የዋትሰንና የስዊፍት ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ከእርሳቸው በፊት አል-ገዛሊ በተሃፉት መቅድም፣ የግርዶሽ ስሌት በማይጠረጠር ማስረጃ የቆመ እንደሆነና ይህን በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ ገልጸው ነበር።

ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ፣ የማይታመን ሰው ዜና ሲያመጣ ሳያውቁ ሕዝብን እንዳይጎዱና በኋላ እንዳይጸጸቱ አማኞች እንዲያጣሩ ያዛል። የስውሩ ፕላኔት ወሬ ዳግመኛ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ኢማሙም መምህሩም ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቁ ይበቃቸዋል። ማን አየው፣ በምን መሣሪያና በየትኛው ሌሊት? ሌላ ሰው ከሌላ ቦታ ሊያየው ይችላልን? ባይፈጸም ተናጋሪው ስሕተቱን ይቀበላልን ወይስ ቀኑን ያሸጋግራል?

በኹጥባ ላይ ያልተጣራ ወሬን የተናገረ ኢማም፣ ወሬው ሲከሽፍ የሚያጣው የዚያን ቀን ቃል ብቻ አይደለም። በሻዕባን ማብቂያ ቆሞ «ሂላሉ ታይቷል» ሲል የሚሰማው ያው ጀመዓ ነውና፣ ያ ጀመዓ የትናንቱን ቃል ያስታውሳል። በአንጻሩ ለተማሪዎቹ የሰማይን ምስል አውጥቶ የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ እንዲፈልጉ፣ ያገኙትንም እንዲያጣሩ የሚያስተምር የመድረሳ መምህር፣ ነገ ስለ ሂላል በፍርሃትና በታማኝነት የሚመሰክሩ ሰዎችን እያዘጋጀ ነው። የመዲናው ግርዶሽ ዕለት የተሰጠው ትምህርትም ይኸው ነበር፦ ከሰማይ ምልክት ፊት መጀመሪያ ሶላት፤ ስለ ምልክቱ ለሚነገረው ቃል ደግሞ ማጣራት።